ከአፈር መርዝ የማይስብ ሩዝና ስንዴ፦ ለፎገራና ለጣና ዳርቻ የትኛው የማዳቀል መንገድ ይሻላል?

ፎገራ ላይ ስለ ሩዝ ዝርያ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ምርት ነው። ከዚያ የእንጀራው ንጣት፣ የጭዱ ብዛት፣ በሽታ መቻሉ ይከተላል። ዝርያው ከአፈር ምን ስቦ ወደ ፍሬው እንደሚያስገባ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገጥምም። እኔ ይህ ጥያቄ ከመስፈርቶቹ አንዱ ይሁን ባይ ነኝ።

ምክንያቴ የገበታ ጉዳይ ነው። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ዱቄት ገዝቶ የሚበላ ሰው ከብዙ ማሳ የመጣ እህል ተደባልቆ ይደርሰዋል። የአንዱ ማሳ ችግር በሌላው ይሳሳል። ወረታ ዙሪያ ያለ ገበሬ ቤተሰብ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚበላው ከራሱ ማሳ ነው። ማሳው ላይ ያለው ሁሉ እየተጠራቀመ እሱው ቤት ይገባል።

ፎገራ ተበክሏል እያልኩ አይደለም። እንዲህ ያለ ወሬ ያለ ምርመራ ማውራት ገበሬውን ገበያ ላይ መጉዳት ነው። የምለው ሌላ ነው። አንድ ዝርያ ከመጀመሪያው ድቅል አንስቶ ገበሬው እጅ እስኪገባ ብዙ ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ችግር ከታየ በኋላ ማዳቀል ቢጀመር አንድ ትውልድ ያልፋል። ስለዚህ መንገዱን ከአሁኑ መርጦ መያዝ ይበጃል። ይህን የምጽፈው ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ የግብርና ተማሪዎች፣ ለልማት ሠራተኞች፣ ለዘር ብዜት ማኅበራትና ለሚበላው ነገር ግድ ላለው ሁሉ ነው።

መጀመሪያ የትኛው ብረት?

ሰው "መርዛማ ብረት" ብሎ በአንድ ቃል ይጠቀልለዋል። ለአዳቃይ ግን እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው። ጠባዩን ሳይለዩ ዝርያ መምረጥ አይቻልም።

ካድሚየም ዋናው ነው። ከማዕድን ማውጫ፣ ከቆሻሻና ከአንዳንድ የፎስፌት ማዳበሪያ ጋር ወደ ማሳ ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት ለዚህ ሲል በፎስፌት ማዳበሪያ ላይ በአንድ ኪሎ ፎስፈረስ ኦክሳይድ የ60 ሚሊግራም ካድሚየም ጣሪያ አስቀምጧል። ካድሚየም ከገባ በኋላ ከሰው አካል ቶሎ አይወጣም። ኩላሊት ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ይቀመጣል። በጃፓን ቶያማ፣ በጂንዙ ወንዝ ዳር የነበሩ ገበሬዎች ከማዕድን ማውጫ በወረደ ካድሚየም የተበከለ ሩዝ በልተው ኩላሊታቸው ተጎዳ፣ አጥንታቸው ተሰባበረ። ሕመሙ "ኢታይ ኢታይ" ተባለ። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1968 ካድሚየም መንስኤው መሆኑን በይፋ ተቀበለ። የወንዝ ዳር ሕዝብ ስለሆኑ፣ የሚበሉትም የራሳቸውን ሩዝ ስለሆነ፣ የእነሱ ታሪክ ለጉማራና ለርብ ዳር ሰው ሩቅ አይደለም።

አርሴኒክ ሁለተኛው ነው። በተፈጥሮ አፈር ውስጥ አለ። ከእህሎች ሁሉ በብዛት የሚስበው ሩዝ ነው፤ ከስንዴና ከበቆሎ ጋር ሲነጻጸር እስከ 10 እጥፍ ይደርሳል። ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

እርሳስና ክሮሚየም ለአዳቃይ ብዙ ሥራ የላቸውም። በአብዛኛው ሥር ላይ ይቀራሉ፤ ፍሬ ውስጥ የሚገቡት በጥቂቱ ነው። እህሉ ላይ ሲገኙ ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከአቧራና ከአፈር ነው። እዚህ ላይ ጤፍን ላንሳ። ጤፍ በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ አፈር ይቀላቀለዋል። በጤፍ ውስጥ ተለክቶ የተገኘው ከፍተኛ የብረት (የአይረን) መጠን በከፊል ከዚሁ አፈር የመጣ መሆኑ የታወቀ ነው። አፈሩ ይዞት የሚመጣው ግን ጠቃሚውን ብረት ብቻ አይደለም። ይህን ማዳቀል አይፈታውም። ሸራ ላይ መውቃትና በደንብ ማጠብ ይፈታዋል። ስለዚህ ጤፍን በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በላይ አላነሳውም።

ስንት ሲሆን ነው የሚያሰጋው?

ዓለም አቀፉ የምግብ መስፈርት ኮዴክስ በተፈተገ ሩዝ ላይ ካድሚየም በኪሎ ከ0.4 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል። ለስንዴ 0.2 ነው። ለተፈተገ ሩዝ ኢኦርጋኒክ አርሴኒክ፣ ማለትም ከካርቦን ጋር ያልተያያዘውና ይበልጥ መርዛማው ዓይነት፣ 0.2 ነው። ቻይና ለሩዝ ካድሚየም 0.2 ትላለች።

እኔ የ0.4ን ጣሪያ ለእኛ ገበሬ አልቀበለውም። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) የጋራ ባለሙያዎች ለካድሚየም ያስቀመጡት ወሰን በወር በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 25 ማይክሮግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 50 ማይክሮግራም ማለት ነው። ይህ ሰው በቀን 400 ግራም ሩዝ በእንጀራ መልክ ይበላል እንበል። ሩዙ 0.4 ከሆነ የሚገባው 160 ማይክሮግራም ነው። ከወሰኑ ሦስት እጥፍ አለፈ። ሩዙ 0.1 ከሆነ ግን 40 ይሆናል፤ ከወሰኑ በታች ነው። ሌላ ምግብም የራሱን ይጨምራል። ስለዚህ ሩዝ ዋና ምግቡ ለሆነ አካባቢ አዳቃይ ማነጣጠር ያለበት ከ0.1 በታች ነው። ንግድ ላይ ያለፈ ሩዝ ሁሉ ለቤተሰብ ገበታ ይሆናል ማለት አይደለም።

ውሃው ሁለቱን ብረቶች ያጣላቸዋል

ዝርያ ለመምረጥ ሲነሱ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር ይህ ነው። ማሳው ውሃ ሲተኛበት አየር ያጣል። ያኔ ካድሚየም ከሰልፈር ጋር ተያይዞ ይረጋል፣ ሥሩም አያገኘውም። አርሴኒክ ግን በተቃራኒው ተይዞበት ከነበረው የብረት ኦክሳይድ ይለቀቅና ውሃው ውስጥ ይሟሟል። ማሳው ሲደርቅ ነገሩ ይገለበጣል። አርሴኒኩ ተመልሶ ይያዛል፣ ካድሚየሙ ይለቀቃል።

አሁን የፎገራን ሜዳ አስቡት። ሩዙ በሰኔ ይዘራል። በሐምሌና በነሐሴ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ሩዙ ዛላ አውጥቶ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ዝናቡ ወደ ማብቂያው ነው። ገበሬው በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራበታል። ጥቁሩ አፈር መሰንጠቅ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ክር የመሰለ መስመር ይታያል፣ ቆይቶ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሆናል። በዚያ ስንጥቅ አየር ገባ ማለት ነው። ካድሚየም የሚለቀቀውም ፍሬው በሚሞላበት በዚሁ ጊዜ ነው። ጃፓኖች ካድሚየም ባለበት ማሳ ላይ ዛላ ከመውጣቱ በፊትና በኋላ ሦስት ሦስት ሳምንት ውሃ እንዳይለይ የሚመክሩት ለዚህ ነው። በዝናብ የሚያመርት የፎገራ ገበሬ ይህን ማድረግ አይችልም። ውሃው በእጁ አይደለም።

ስለዚህ ምርጫው በማሳው ይለያያል። ውሃው ቶሎ የሚሸሽበት ከፍ ያለ ማሳ የካድሚየም ማሳ ነው። ከሐይቁ አጠገብ ያለው፣ ውሃ እስከ ጥቅምት የማይለቀው ዝቅተኛ ማሳ የአርሴኒክ ማሳ ነው። አንድ ቀበሌ ውስጥ ሁለቱም አሉ። አንድ ዝርያ ለሁሉም ብሎ መጀመር ስህተት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

በሩ የት ላይ ይዘጋ?

ተክሉ ካድሚየምን ፈልጎ አይስብም። ካድሚየም ተክሉ የሚፈልጋቸውን ማንጋኒዝና ዚንክን ይመስላል፤ ለእነሱ በተሠራ በር ሾልኮ ይገባል። አዳቃይ የሚሠራው በሩን መዝጋት ነው። በሮቹ ግን ከአንድ በላይ ናቸው፣ የትኛው እንደሚዘጋ መምረጥም ትልቅ ውሳኔ ነው።

የመጀመሪያው በር ሥሩ ላይ ነው፤ ኤንራምፕ5 የሚባል ጂን ይሠራዋል። ይህ ከተዘጋ ካድሚየም ተክሉ ውስጥ አይገባም ማለት ይቻላል። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳዩት ይህንን ነው። ኮሺሂካሪ የተባለውን ዝነኛ ዝርያቸውን ዘር በካርቦን አዮን ጨረር መቱት። ከሺዎች ተክሎች ውስጥ ካድሚየም የማይስቡ ሦስት አገኙ። ከዚያ የወጣው ኮሺሂካሪ ካን 1 በተበከለ አፈር ላይ እንኳ ፍሬው ካድሚየም የለውም ለማለት የሚያስደፍር ሆነ። ምርቱም ጣዕሙም አልተለወጠም። ዋጋው ምንድን ነው? በዚሁ በር የሚገባው ማንጋኒዝም ይቀንሳል። ማንጋኒዝ በሌለበት አፈር ተክሉ ይደክማል፣ ቡናማ ነጠብጣብ የሚባለው የቅጠል በሽታም በቀላሉ ይይዘዋል።

ለፎገራ ይህ ዋጋ ብዙ አያስፈራኝም። ውሃ የተኛበት አፈር ማንጋኒዝን ያሟሟል፤ ሩዙ የሚፈልገውን ያገኛል። ኔሪካ-4ን የመሰለ በደረቅ መሬት የሚዘራ ሩዝ ላይ ግን አልሞክረውም። እዚያ ማንጋኒዝ በቀላሉ አይገኝም።

ሁለተኛው መንገድ በሩን ከፍቶ እንግዳውን ጓዳ ውስጥ መቆለፍ ነው። ኤችኤምኤ3 የሚባለው ጂን ካድሚየምን ሥሩ ሕዋስ ውስጥ ባለ ከረጢት ይዘጋበታል። ጂኑ በደንብ የሚሠራባቸው ዝርያዎች ወደ ላይ የሚያሳልፉት ጥቂት ነው። የተበላሸባቸው ብዙ ያሳልፋሉ። ማንጋኒዝ አይነካም፣ ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው። ጉድለቱ ፍጹም አለመሆኑ ነው፤ ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም።

ሦስተኛው ከፍ ብሎ፣ አገዳው ቋጠሮ ላይ ያለው ነው። እዚያ ከተያዘ ፍሬው ንጹሕ ይሆናል፣ ቅጠልና አገዳው ግን ይዞት ይቀራል። ሌላ አገር ይህ ጥሩ መፍትሔ ሊባል ይችላል። የፎገራ ላም ባለችበት አገር ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በወተቷ የታወቀችው ይህች ላም በጋውን የምትበላው የሩዝ ጭድ ነው። ፍሬውን አጽድቶ ጭዱን የሚበክል ዝርያ ለእኛ ግማሽ መፍትሔ ነው። ስለዚህ እዚህ አካባቢ የሚመረጥ ዝርያ ሲመረመር ፍሬው ብቻ ሳይሆን ጭዱም ይመርመር። በዚህ መስፈርት ሥር ላይ የሚያስቀሩት ሁለቱ መንገዶች ከሦስተኛው ይበልጣሉ።

አንድ በጣም የወደድኩት ግኝት ላክል። ፖካሊ የሚባል ጨው የሚችል የሕንድ ነባር ሩዝ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት ይህ ሩዝ ኤንራምፕ5ን ሁለት ጊዜ ደግሞ ይዞ ተገኘ። በሩ በዛ፣ ካድሚየሙ ግን ፍሬው ላይ ቀነሰ። ምክንያቱ ሥሩ ውስጥ የሚገባው ማንጋኒዝ ስለሚበዛ ካድሚየሙን ወደ ላይ ከሚወስደው መስመር ስለሚገፋው ነው። ከዘመናዊ ላቦራቶሪ ያልወጣ፣ ገበሬ ለዘመናት ያቆየው ዘር ይህን ይዞ መቆየቱ ነባር ዘርን ለሚንቅ ሰው በቂ መልስ ነው። የእኛም የስንዴ፣ የዳጉሳና የገብስ ነባር ዘሮች አዲስ አበባ ባለው የብዝኃ ሕይወት ጂን ባንክ ተቀምጠዋል። ያልተፈተሸ ሀብት ነው።

አራቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ

*ያለውን መፈተሽ።* ኤክስ-ጅግና፣ ጉማራ፣ እድገት፣ ሻጋ፣ ኔሪካ-4 እና ሌሎችም የሩዝ ዝርያዎች በእጃችን አሉ። ጎን ለጎን ዘርቶ የፍሬያቸውን ካድሚየምና አርሴኒክ መለካት ነው። በአንድ አፈር ላይ የበቀሉ የሩዝ ዝርያዎች በካድሚየም መጠን በብዙ እጥፍ ሊለያዩ ይችላሉ። ፈጣኑና ርካሹ መንገድ ይህ ነው፤ ፈቃድ አያስፈልገውም፣ ዘሩም ገበሬው የሚያውቀው ነው። ጣሪያው ግን ዝቅ ያለ ነው። ካሉት የተሻለውን ያሳያችኋል እንጂ ካሉት የሚሻል አይሰጣችሁም። ሙከራው ሲደረግ በሁለት የውሃ ሁኔታ ይደረግ፤ አንዱ ውሃ የማይለየው፣ ሌላው ዛላ ሲያወጣ የሚደርቅ። በአንድ ሁኔታ ብቻ የተገኘ ደረጃ ሌላው ላይ ሊገለበጥ ይችላል።

*ማዳቀልና መልሶ ማዳቀል።* የእኔ ምርጫ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ኤክስ-ጅግና ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር እንደመጣ ይነገራል። እስካሁን ፎገራን ያልለቀቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ቅዝቃዜ ይችላል፣ ፍሬው ነጭ ነው፣ ጭዱ ብዙ ነው፣ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ለእንጀራ ይሆናል። ገበሬው ይህን ጥሎ "ካድሚየም የማይስብ" የተባለ የጃፓን ሩዝ ይዘራል ብሎ መጠበቅ ገበሬውን አለማወቅ ነው። ስለዚህ ጂኑን ብቻ ነው ማምጣት። ኤክስ-ጅግናን ከለጋሹ ዝርያ ጋር አዳቅሎ ልጁን ደግሞ ደጋግሞ ከኤክስ-ጅግና ጋር ማዳቀል ነው። የመጀመሪያው ድቅል ግማሹ ኤክስ-ጅግና ነው። አንድ ጊዜ ሲመለስ 75 በመቶ፣ ሁለተኛው 87.5፣ እንዲህ እያለ ስድስተኛው ላይ 99 በመቶ ይደርሳል። የሚቀረው የሚፈለገው ጂን ነው።

ለጋሽ ሲመረጥ አንድ ጥንቃቄ አለ። የጃፓኑ የተዘጋ ኤንራምፕ5 ድብቅ ነው፤ ከአባትም ከእናትም ካልተወረሰ አይታይም። ስለዚህ በእያንዳንዱ መልሶ ማዳቀል ላይ ተክሉ ጂኑን መያዙን ፍሬ ለክቶ ማወቅ አይቻልም። በሞለኪውላር ማርከር፣ ማለትም ጂኑ መኖሩን በሚጠቁም የዲኤንኤ ምልክት፣ ቅጠሉን መመርመር ግድ ነው። ደንበኛ የሚሠራው ኤችኤምኤ3 ግን ገዢ ነው፤ አንዱ ብቻ ቢወረስም ይታያል። የማርከር አቅም ለሌለው ቡድን ኤችኤምኤ3 ይቀላል። አቅሙ ላለው ኤንራምፕ5 የበለጠ ውጤት አለው።

ወረታ ያለው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ለዚህ ሥራ ትክክለኛው ቦታ ነው። ማሳውም፣ ሩዙን የሚያውቀው ሰውም እዚያው አለ።

*በጨረር ወይም በኬሚካል መለወጥ።* የራሳችንን ኤክስ-ጅግና ዘር በጋማ ጨረር መትቶ የሚፈለገውን ለውጥ መፈለግ ነው። ከውጭ ለጋሽ አያስፈልግም፣ የዝርያው ጠባይ በአብዛኛው ይጠበቃል። በዓለም ላይ በዚህ መንገድ የወጡ ከ3,000 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ፍሬው ጨረር የለበትም፤ ጨረሩ አንድ ጊዜ ዘሩን መትቶ ያልፋል፣ የሚቀረው የጂን ለውጥ ብቻ ነው። ጃፓን አኪታ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ2025 ዋና ዝርያውን አኪታኮማቺን ከኮሺሂካሪ ካን 1 ጋር በተዳቀለው አኪታኮማቺ አር ተካ። ለውጡ ከጂኑ የአንዲት ፊደል መጉደል ነው። ያም ሆኖ "የጨረር ሩዝ" ተብሎ ብዙ ሸማች ተቃወመ። እኛም ጋ ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ከመጀመሪያው ለገበሬውም ለሸማቹም በግልጽ መነገር አለበት። የመንገዱ ችግር ፍለጋው ነው። ለውጡ የሚታየው በሁለተኛው ትውልድ ነው፣ በሺዎች ተክል እየለኩ ጥቂት ማግኘት ነው። ለሩዝ ይሠራል። ለዳቦ ስንዴ ይከብዳል፤ ስንዴ እያንዳንዱን ጂን ሦስት ጊዜ ስለሚይዝ አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ ይሸፍኑለታል።

*ጂን ማረም።* ክሪስፐር በተባለው ዘዴ ኤንራምፕ5ን ነጥሎ መዝጋት ይቻላል። የቻይና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 በሩዝ ላይ አሳይተውታል። ትክክለኛና ፈጣን ነው። እኛ አገር ልውጥ ሕያዋን (ጂናቸው በሰው የተለወጠ) በደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና በማሻሻያው ይገዛሉ፤ ወደዚህ መንገድ የሚገባ ቡድን ከሳይንሱ በፊት ፈቃዱን ይጨርስ። በሌሎቹ መንገዶች የሚገኝን ውጤት ለማግኘት ሲባል ብቻ እዚህ መግባት አሁን አይታየኝም።

አርሴኒክስ? እዚህ ላይ ማዳቀል ደካማ ነው። ውሃ በተኛበት ማሳ አርሴኒክ ወደ ሩዝ የሚገባው በሲሊኮን መግቢያ ነው። ሩዝ ደግሞ ያለ ሲሊኮን አይሆንም፤ አገዳው ይልማል፣ በሽታ ይይዘዋል፣ ምርቱ ይወርዳል። መግቢያውን መዝጋት ሩዙን መጉዳት ነው። ኤቢሲሲ1 የተባለ ጂን አርሴኒክን ከረጢት ውስጥ እንደሚዘጋ እ.ኤ.አ. በ2014 ታይቷል፣ ተስፋ አለው። ለአሁኑ ግን የአርሴኒክ ማሳ ያለው ሰው ዝርያ ከመጠበቅ ውሃና አፈር ላይ ቢሠራ ይሻለዋል።

ከዘር ውጪ ያለው

ወረታ ያሉ የሩዝ መፈልፈያዎች አጠገብ የተቆለለውን ቅርፊት ያላየ የለም። አንዳንዱ ይቃጠላል፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ይበሰብሳል። ያ ቅርፊት በሲሊኮን የተሞላ ነው። ወደ ማሳ ቢመለስ ሲሊኮኑ ከአርሴኒክ ጋር ይሽቀዳደማል፣ ሩዙም የሚስበው አርሴኒክ ይቀንሳል። ለሐይቅ ዳሩ ዝቅተኛ ማሳ ከማንኛውም አዲስ ዝርያ በፊት ይህን እመርጣለሁ። ወጪው ማጓጓዣ ብቻ ነው።

በመራዊና በቆጋ በኩል ያለው ቀይ አፈር አሲዳማ ነው። በአሲዳማ አፈር ካድሚየም በቀላሉ ይሳባል። ኖራ ሲጨመር ይያዛል። ኖራው ለምርት ሲባል የሚመከር ስለሆነ ሁለት ጥቅም በአንድ ወጪ ነው። ዚንክ በጎደለበት ማሳም ዚንክ መጨመር ካድሚየሙን ይገፋዋል።

ማድ ቤትም የራሱ ድርሻ አለው። ሩዝን ከ6 እስከ 10 እጥፍ በሆነ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ከኢኦርጋኒክ አርሴኒኩ ከ40 እስከ 60 በመቶ ያስወግዳል። ለካድሚየም ግን እምብዛም አይሠራም። ለእንጀራ ዱቄትም አይሆንም፤ ሊጡ የሚደፋ ውሃ የለውም። ለዚህ ነው ካድሚየም ዘሩ ላይ መያዝ አለበት የምለው።

ስንዴ፦ በቆጋና በርብ መስኖ ለሚያመርት

የበጋ መስኖ ስንዴ በዚህ አካባቢ እየሰፋ ነው። እዚህ ጥያቄው አጭር ነው፦ የዳቦ ስንዴ ወይስ የማካሮኒ? የማካሮኒ ስንዴ በአጠቃላይ ከዳቦ ስንዴ የበለጠ ካድሚየም ፍሬው ላይ ያከማቻል። ስለዚህ በአሲዳማ መሬት ላይ የዳቦ ስንዴ ይመረጥ።

ማካሮኒ መዝራት ግድ ከሆነ መንገዱ ተጠርጓል። ካናዳውያን 5ቢ በሚባለው ክሮሞሶም ላይ የፍሬውን ካድሚየም በግማሽ ገደማ የሚቀንስ ቦታ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2004 ያስመዘገቡት ስትሮንግፊልድ የተባለ ዝርያ ይህን ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2019 የማካሮኒ ስንዴ ሙሉ ጂን ሲነበብ ቦታው ላይ ያለው ኤችኤምኤ3 መሆኑ ታወቀ፤ ከሩዙ ጋር አንድ ዓይነት ጓዳ ነው። ማርከሩ አለ። አዴት ላይ ስንዴ የሚያዳቅል ቡድን ነባር የማካሮኒ ዘሮቻችንን በዚህ ማርከር ቢያጣራ የትኞቹ ጥሩውን ጂን እንደያዙ ከመዝራቱ በፊት ያውቃል። ይህ ሥራ መልሶ ማዳቀልን ያህል ዓመት አይፈጅም።

ናሙና ስትወስዱ

ከማሳው ከአንድ ጥግ ሳይሆን ቢያንስ ከአሥር ቦታ ዛላ ቁረጡ። ጥሩው ወቅት አጨዳው ዋዜማ ነው። ዛላውን መሬት ላይ አትዘርግፉት፤ አፈር ከነካው የምትለኩት አፈሩን ነው። በእጅ ፈልፍላችሁ በንጹሕ ላስቲክ ቋጥሩ። በብረት ወፍጮ አታስፈጩት፣ ላቦራቶሪው ራሱ ይፍጨው። ከዚያው ቦታ ጭድና ከ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የወጣ አፈር ለየብቻ ያዙ። የአፈሩን አሲድነት ማስለካት አትርሱ፤ የካድሚየም ቁጥር ያለ እሱ ብዙ አይናገርም። ለአርሴኒክ ስታዙ "ኢኦርጋኒክ" ብላችሁ ጠይቁ፤ ጠቅላላው ቁጥር ብቻውን ከኮዴክስ ወሰን ጋር አይነጻጸርም። በናሙናው ላይ የዝርያውን ስም፣ ውሃው ማሳውን የለቀቀበትን ሳምንትና ያደረጋችሁትን ማዳበሪያ ጻፉ። ውሃው የለቀቀበት ሳምንት ካልተጻፈ ሁለት ዝርያዎችን ማወዳደር አይቻልም፤ ልዩነቱ የዘሩ ይሁን የማሳው አይታወቅም።